ከመሸኛ ደብዳቤ እስከ ኩኪ፦ የአንድ ጊዜ መግቢያ ምልክት ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የመተላለፉ ታሪክ

መግቢያ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በደሃና ወረዳ ዋና ከተማ በአምደወርቅ የሚማር አንድ ተማሪ ወላጆቹ ወደ ሰቆጣ ወይም ወደ ባሕር ዳር ቢዛወሩ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መሸኛ ነው። መሸኛው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የተማሪው ስም፣ ያጠናቀቀው የክፍል ደረጃ፣ ያገኘው ውጤት፣ ደብዳቤው የተጻፈበት ቀንና የሚደርሰው ትምህርት ቤት ስም ይሰፍርበታል፤ በግርጌውም የርእሰ መምህሩ ፊርማና የትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም ያርፍበታል። ተቀባዩ ርእሰ መምህር ተማሪውን ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም፤ ማኅተሙን ግን ያውቃል። ተማሪውን የሚቀበለውም በማኅተሙ ላይ ባለው እምነት ነው።

ይህ የዘወትር አሠራር በኮምፒዩተር ዘመንም ያልተለወጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። የመጀመሪያው፣ አንድ ሰው በአንድ ቦታ ማንነቱን ካስመሰከረ በኋላ በሌላ ቦታ እንደ አዲስ ሳይመረመር እንዴት ሊታመን ይችላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ባለጉዳዩ ራሱ ሳይቀርብ ሌላ ወኪል በስሙ ሲጠይቅለት ወኪሉ ምን ይዞ መቅረብ ይገባዋል የሚለው ነው። በኮምፒዩተር ሙያ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «የአንድ ጊዜ መግቢያ» ይባላል። የሁለተኛው መልስ ረዘም ያለ ታሪክ አለው፤ በዚያም ታሪክ ውስጥ «ኩኪ» የሚባለውን የመግቢያ ምልክት በአንድ ፕሮግራም ጥያቄ ውስጥ አድርጎ ለሌላ ፕሮግራም ማሳለፍ አንዱና ብዙ ትምህርት የተገኘበት ምዕራፍ ነው።

ዛሬ የተማሪዎች ምዝገባ፣ የውጤት መዝገብና የፈተና አሰጣጥ ደረጃ በደረጃ ወደ ኮምፒዩተር በመሸጋገር ላይ በመሆኑ፣ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ የአሠራሩን አመጣጥ በአጭሩ ከመረመረ በኋላ፣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ያመለክታል።

1. ኬላ፣ ማኅተምና ባልደረባ

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ሰቆጣ ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌ ጨው ከሚሸጥባቸውና ወደ መሐል አገር ከሚያልፍባቸው ታላላቅ የገበያ ከተሞች አንዷ ነበረች። ጨው የጫነው ነጋዴ በመንገዱ ላይ ብዙ ኬላዎች ይጠብቁታል። በየኬላው ጭነቱ ይቆጠራል፣ ማንነቱና አመጣጡ ይጠየቃል፣ ቀረጥ ይከፍላል። ትናንት በአንዱ ኬላ መቆጠሩና መክፈሉ ዛሬ በሌላው ኬላ ላይ ዋጋ አልነበረውም። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1855 ባቀረበው ዘገባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ቀረጥ በግዛታቸው ውስጥ በሦስት ቦታዎች ብቻ እንዲከፈል ማዘዛቸውን ገልጿል። የትእዛዙ አፈጻጸም ምንም ይሁን ምን፣ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ አንድ ጊዜ በሚገባ የተመረመረ መንገደኛ በየእርምጃው እንደ አዲስ መመርመር የለበትም።

ይሁን እንጂ ምርመራውን ለመቀነስ፣ መንገደኛው ቀድሞ መመርመሩን የሚመሰክር አንድ ነገር ይዞ መገኘት አለበት። ለዚህ ያገለግል የነበረው የባለሥልጣን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። ኬላ ጠባቂው መንገደኛውን ባያውቅም ማኅተሙን ካወቀ ያሳልፈው ነበር።

ሦስተኛው ነገር ባልደረባ ነው። ዛሬ ይህ ቃል የሥራ ጓደኛ ማለት ቢሆንም፣ በቀድሞው የቤተ መንግሥት ሥርዓት ባልደረባ ማለት ለእንግዳ ወይም ለባለጉዳይ የሚመደብና ጉዳዩን ወደ ጌታው የሚያቀርብለት አገናኝ ነበር። ባለጉዳዩ በደጅ ይቆማል፤ ባልደረባው ይገባል፣ በባለጉዳዩ ስም ይናገራል፣ መልሱንም ይዞ ይወጣል። ባልደረባው የሚናገረው የራሱን ጉዳይ ወይም የባለጉዳዩን መሆኑ ካልተለየ ግን ፍርዱ ይዛባል።

ኬላ፣ ማኅተምና ባልደረባ የሚሉት ሦስቱ ነገሮች ከዚህ በታች ለሚቀርበው ታሪክ በቂ መንደርደሪያ ናቸው።

2. የይለፍ ቃልና የመጀመሪያው ቲኬት

ኮምፒዩተር አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት መሣሪያ በነበረበት ጊዜ ማንነትን የመጠየቅ አስፈላጊነት አልነበረም። ጥያቄው የተነሣው ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ መሥራት ሲጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት በተሠራው የጋራ አጠቃቀም ሥርዓት፣ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ፋይል ከሌላው እንዲለይ የይለፍ ቃል ሥራ ላይ ዋለ። ድክመቱ ለመታየት ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1966 በተፈጠረ አንድ ስሕተት የዕለቱ ማስታወቂያ ፋይልና የይለፍ ቃሎች ዝርዝር ተለዋውጠው፣ ኮምፒዩተሩን የከፈተ ሁሉ የሰዎችን ሁሉ የይለፍ ቃል ለማየት ቻለ።

በዚያው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1983 «አቴና» የሚባል ፕሮጀክት ተጀመረ። ዓላማው በግቢው ውስጥ በየቦታው የተተከሉ ኮምፒዩተሮችን በኔትወርክ አገናኝቶ ለተማሪዎች ትምህርት ማዋል ነበር። ተማሪው በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ፋይሉን ከአንድ ሰርቨር፣ ደብዳቤውን ከሌላ ሰርቨር፣ የማተሚያ አገልግሎቱንም ከሦስተኛ ሰርቨር ያገኛል። የይለፍ ቃሉን ለእያንዳንዱ ሰርቨር ቢልክ ግን በመንገድ ላይ አድፍጦ የሚያዳምጥ ሁሉ ሊሰርቀው ይችላል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ «ኬርቤሮስ» የተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው በግሪኮች አፈ ታሪክ ውስጥ ከተጠቀሰው ባለ ሦስት ራስ በር ጠባቂ ውሻ ነው። ተማሪው በቀኑ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ለማእከላዊው ሰርቨር ማንነቱን ያስመሰክራል፤ ማእከሉም ለተወሰነ ሰዓት የሚያገለግል ቲኬት ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ወደ እያንዳንዱ አገልግሎት ሲሄድ፣ በዚያው ቲኬት አማካይነት ለዚያ አገልግሎት ብቻ የተጻፈ ሌላ ቲኬት ያገኛል። የሥርዓቱ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1988 በጽሑፍ ቀረበ፤ አምስተኛው እትሙም እ.ኤ.አ. በ1993 የኢንተርኔት ደንብ ሆኖ ወጣ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቲኬቱ የመሸኛ ደብዳቤን ባሕርያት ሁሉ የያዘ መሆኑ ነው። ማን እንደሰጠው፣ ስለ ማን እንደተሰጠ፣ ለማን እንደሚቀርብና እስከ መቼ እንደሚያገለግል በውስጡ ተጽፎ ይገኛል።

3. ዌብና ኩኪ

በስዊዘርላንድ በሚገኘው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማእከል ይሠራ የነበረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 የዌብን ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ዓላማው ተመራማሪዎች ሰነዶችን በቀላሉ እንዲለዋወጡ ነበር። በመሆኑም «ኤችቲቲፒ» የተባለው የመነጋገሪያ ደንብ እጅግ ቀላል ሆኖ ተዘጋጀ። ጠያቂው አንድ ገጽ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ገጹን ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ይለያያሉ። ሰርቨሩ ከአንድ ደቂቃ በፊት ያነጋገረውን ሰው አያስታውስም። ሰነድ ለማንበብ ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ዌብ የገበያና የቢሮ ሥራ ሲጀምር ግን ችግሩ ጎልቶ ታየ።

እ.ኤ.አ. በ1994 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ የተባለ ወጣት ባለሙያ ኩኪ የሚባለውን መፍትሔ አስገኘ። አሠራሩ በዕቃ ማስቀመጫ ቤት ለባለ ዕቃው ከሚሰጥ ቁጥር ጋር ይመሳሰላል። ሰርቨሩ ከመልሱ ጋር አንድ ስምና አንድ ዋጋ የያዘ አጭር ጽሑፍ ይልካል። የተጠቃሚው ብራውዘር ይህን ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ ወደዚያው ሰርቨር በሚልከው በቀጣዩ ጥያቄ ሁሉ ላይም አብሮ ይልከዋል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ሲያይ «ይህ ቀድሞ የገባው ሰው ነው» ብሎ ይቀበለዋል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1997 ለመጀመሪያ ጊዜ የኢንተርኔት ደንብ ሆኖ ተጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ደንብ ደግሞ በተግባር የሚሠራበትን አጣርቶ አሰፈረው።

አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ የኢንተርኔት ስም ሥር ብዙ አገልግሎቶች ቢኖሩት፣ ኩኪው ለዋናው ስም ተሰጥቶ በሥሩ ላሉት አገልግሎቶች ሁሉ እንዲቀርብ ማድረግ ይቻላል። በዚህም መንገድ የአንድ ጊዜ መግቢያ በዌብ ላይ ተግባራዊ ሆነ። ሠራተኛው ጠዋት አንድ ጊዜ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ካስገባ በኋላ፣ ከመዝገቡ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ይሸጋገራል። በኬላው ምሳሌ ቢታይ፣ ነጋዴው አንድ ጊዜ ከከፈለ በኋላ በሌሎቹ ኬላዎች ደረሰኙን እያሳየ ያልፋል ማለት ነው።

4. ባልደረባው ያለ ምልክት ሲቀርብ

ከላይ የተገለጸው አሠራር ብራውዘሩ ራሱ ወደ እያንዳንዱ አገልግሎት እስከሄደ ድረስ አያስቸግርም። ከሁለት ሺሕ ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን አዲስ የሥራ ክፍፍል መጣ። ይኸውም ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በቀጥታ የሚነጋገርበት «ዌብ ሰርቪስ» የሚባለው ነው። «ሶፕ» የተባለው የመልእክት አጻጻፍ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዓለም አቀፉ የዌብ ማኅበር ቀርቦ፣ በ2003 በተሻሻለ መልኩ ጸደቀ።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለው አሠራር ይታሰብ። በአምደወርቅ ያለ አንድ ርእሰ መምህር ወደ አንድ የትምህርት አስተዳደር ገጽ ገብቶ የአንድን ተማሪ ያለፉ ዓመታት ውጤት ይጠይቃል። ገጹ ውጤቱን በራሱ ውስጥ አያስቀምጥም፤ ባሕር ዳር ካለ ሌላ ሰርቨር በዌብ ሰርቪስ አማካይነት ያስመጣዋል። በዚህ ጊዜ ርእሰ መምህሩ ባለጉዳይ፣ ገጹ ባልደረባ፣ የውጤቱ ሰርቨር ደግሞ የጉዳዩ ሰሚ ናቸው። የመግቢያው ኩኪ ያለው ግን በርእሰ መምህሩ ብራውዘር ውስጥ ነው። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ወደ ውጤቱ ሰርቨር ሲሄድ ራሱ አዲስ ጠያቂ ሆኖ ስለሚቀርብ፣ የሚያሳየው ምንም ምልክት የለውም።

የዚህ ውጤት ብዙ ባለሙያዎችን ግራ ሲያጋባ ኖሯል። የውጤቱ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ «አልፈቅድም» ብሎ በግልጽ አይመልስም፤ ያልታወቀ ጠያቂ ሲመጣ ወደ መግቢያው ገጽ ይመራዋል። ሰው ቢሆን ገጹን አይቶ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይጽፍ ነበር። ፕሮግራሙ ግን የተማሪ ውጤት ሲጠብቅ የመግቢያ ገጽ ይደርሰዋል፤ ያንንም እንደ ውጤት ለማንበብ ሞክሮ ይሰናከላል። በርእሰ መምህሩ ፊት የሚታየው መልእክት «የመረጃው አጻጻፍ ትክክል አይደለም» የሚል ይሆናል። ስሕተቱ የፈቃድ ሆኖ ሳለ የአጻጻፍ መስሎ ስለሚታይ፣ ባለሙያው ለቀናት በተሳሳተ ቦታ ይፈልጋል።

5. ኩኪውን የማሳለፍ አሠራርና ጥንቃቄው

ለዚህ ችግር ፕሮግራም ጸሐፊዎች በቅድሚያ የተጠቀሙበት መፍትሔ ኩኪውን ማሳለፍ ነው። የርእሰ መምህሩ ጥያቄ ወደ ገጹ ሲደርስ፣ በጥያቄው ራስጌ ላይ የመግቢያው ኩኪ ተጽፎ ይገኛል። ፕሮግራሙ ይህን ኩኪ አንብቦ፣ እሱ ራሱ ወደ ውጤቱ ሰርቨር በሚልከው ጥያቄ ራስጌ ላይ መልሶ ይጽፈዋል። የውጤቱ ሰርቨርም ጥያቄው ከርእሰ መምህሩ እንደመጣ ቆጥሮ ያስተናግደዋል። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ኩኪው ሲሰጥ የአገልግሎት ጊዜው፣ የሚቀርብበት የኢንተርኔት ስምና ሌሎች ገደቦች አብረው ይጻፋሉ። ሲመለስ ግን ስሙና ዋጋው ብቻ ይላካሉ። ፕሮግራሙ ዋጋውን ፊደል ሳይለውጥ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንደ ደረሰው ማስተላለፍ ይኖርበታል፤ አንዲት ምልክት ብትለወጥ ሰርቨሩ አያውቀውም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ብራውዘር ኩኪን ላልተፈቀደለት ሰርቨር አይልክም፤ ይህ ጥበቃ በውስጡ ተሠርቶለታል። ኩኪውን በእጁ የሚገለብጥ ፕሮግራም ግን ይህን ጥበቃ ያልፈዋል። ስለዚህ ምልክቱ የሚላክላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር አስቀድሞ ተወስኖ መጻፍ አለበት። እንዲሁም የደረሰውን ኩኪ ሁሉ በጅምላ ሳይሆን የመግቢያውን ብቻ ለይቶ መላክ ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ አንድ ገጽ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰዎችን ያስተናግዳል። ፕሮግራሙ ለሁሉም አንድ ጠያቂ ክፍል ቢጠቀምና የመጨረሻውን ሰው ኩኪ በዚያ ላይ ትቶ ቢሄድ፣ የአንዱ ርእሰ መምህር ጥያቄ በሌላው ስም ሊላክ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት አገልግሎት ከመቋረጥ የከፋ ነው፤ የአንዱ ትምህርት ቤት መዝገብ ለሌላው ይታያል፣ የተደረገውም ለውጥ ባልሠራው ሰው ስም ይመዘገባል።

በአራተኛ ደረጃ፣ ኩኪው በተመሰጠረ መንገድ ብቻ መጓዝና በሥራ መዝገብ ፋይሎች ውስጥ አለመጻፍ አለበት። ኩኪውን ያገኘ ሰው የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ ባለቤቱን ሆኖ ሊገባ ይችላልና። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 «ፋየርሺፕ» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም በይፋ ተለቅቆ፣ በሕዝብ መዝናኛ ቦታዎች ባለ ገመድ አልባ ኔትወርክ ላይ ያለ ምስጠራ የሚጓዙ ኩኪዎችን ማንም ሰው በቀላሉ ሊሰበስብ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ታላላቅ አገልግሎቶች የመግቢያውን ገጽ ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ግንኙነታቸውን ማመስጠር ጀመሩ።

6. ከጠቅላላ ቁልፍ ወደ ልዩ ውክልና

ከላይ የተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች ሁሉ ቢሟሉም አንድ መሠረታዊ ጉድለት ይቀራል። የተላለፈው ኩኪ «ይህ ፕሮግራም ለርእሰ መምህሩ የአንድ ተማሪ ውጤት ያምጣለት» አይልም፤ የሚለው «እኔ ርእሰ መምህሩ ነኝ» ብቻ ነው። ባልደረባው ጉዳዩን እንዲያቀርብ ተልኮ ሳለ የባለጉዳዩን ካባ ለብሶ ይገባል ማለት ነው። ውጤት እንዲያነብ የተላከ ፕሮግራም በዚያው ምልክት ውጤት ሊለውጥ ይችላል። የውጤቱ ሰርቨርም ባለጉዳዩንና ወኪሉን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኖርም ሃርዲ የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ በማን ሥልጣን እንደሚሠራ ያልተለየለት ፕሮግራም ለባለጉዳዩ ሲታዘዝ ሥልጣኑን ያለ ቦታው እንደሚያውል አስረድቶ፣ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ግራ የተጋባ ወኪል ብሎታል።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልናንና ልዩ ውክልናን ለይቶ ደንግጓል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ተወካዩን የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራዋል፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥን የመሰለ ከባድ ሥራ ለመሥራት ግን ለዚያ ጉዳይ የተሰጠ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ቤቱን እንዲያከራይለት ወንድሙን የወከለ ሰው ቤቱን እንዲሸጥበት አልፈቀደም። የራሱን መታወቂያና ማኅተምም አላስረከበውም።

የኮምፒዩተር ሙያም ቀስ በቀስ ወደዚሁ ደረሰ። በዚህ ረገድ ቀዳሚዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው ማእከላዊ የመግቢያ አገልግሎት፣ ዋናው ኩኪ በብራውዘሩና በማእከሉ መካከል ብቻ እንዲቆይ አደረገ። እያንዳንዱ አገልግሎት የሚደርሰው ለእሱ ብቻ የተጻፈና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቲኬት ነው። አንድ አገልግሎት በተጠቃሚው ስም ሌላውን መጠየቅ ሲያስፈልገውም የወኪል ቲኬት ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ ቲኬቱን ሲያረጋግጥ በመካከል የገቡት ወኪሎች እነማን እንደሆኑ ይነገረዋል።

በዚያው ዘመን ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርሳቸው እንዲተማመኑ የሚያደርገው «ሺቦሌት» የተባለው ሥርዓት ተሠራ፤ ስሙም በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የዮርዳኖስን መሻገሪያ የያዙት የገለዓድ ሰዎች ኤፍሬማውያንን በአነጋገር የለዩበት ቃል ነው። ለእንዲህ ያለው መተማመን የሚያገለግለው «ሳምል» የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቶ በ2005 ተሻሻለ። ከዚያም በሰፊው የሚሠራበት «ኦኦት» የተባለው የውክልና ደንብ ሁለተኛ እትሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት ፕሮግራሙ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃልም ሆነ የመግቢያ ኩኪ አይዝም፤ የሚይዘው «ቶከን» የሚባል፣ ሥራው በስም የተወሰነና ጊዜው የተገደበ ፈቃድ ነው። በዚህ ላይ የተመሠረተው «ኦፕን አይዲ ኮኔክት» እ.ኤ.አ. በ2014 የማንነት ማረጋገጫን አከለበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ደንብ ደግሞ፣ አንድ አገልግሎት የደረሰውን ቶከን ለሌላው እንዳለ ከማሳለፍ ይልቅ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ በሚስማማ ጠባብ ቶከን የሚለውጥበትን መንገድ ወሰነ። በዚህም በአቴና ፕሮጀክት ጊዜ የተገኘው ሐሳብ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ደጅ የራሱ ደብዳቤ መጻፉ፣ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ለዌብ ተመልሶ ተደነገገ።

7. ጉዳዩ በኢትዮጵያ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የማንነት ማረጋገጫ ሕጋዊ መሠረት በየጊዜው ተጠናክሯል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 «ፋይዳ» ለተባለው መታወቂያ መሠረት ጥሏል፤ የተመዘገበ ነዋሪም ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማትን ግዴታዎች ይደነግጋል። በትምህርቱ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል።

እነዚህ እርምጃዎች ለዋግ ኽምራ የተለየ ትርጉም አላቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ ሰነዶችም ጠፍተዋል። የመዝገብ ክፍሉ የተቃጠለበት ትምህርት ቤት ለተማሪው መሸኛ የሚጽፈው ከምን ተነሥቶ ነው? በሌላ ቦታ የተቀመጠ የኮምፒዩተር መዝገብ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል። ምስክርነቱ የሚታመነው ግን መዝገቡን ማን እንደጻፈውና ማን እንደለወጠው በትክክል ሲታወቅ ነው። አንድ የይለፍ ቃል በአምስት ሰዎች እጅ ካለ፣ ወይም ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድ ሰው ኩኪ የሚነጋገሩ ከሆነ፣ መዝገቡ «ርእሰ መምህሩ ለወጠው» ይላል እንጂ እውነቱን አይናገርም። ንጹሑ ሰው ሊከሰስ፣ ጥፋተኛው ሊሰወር፣ ከሁሉም በላይ የተማሪው እውነተኛ ውጤት ሊጠራጠሩበት ይችላል።

በዚሁ አካባቢ የኔትወርክ መቆራረጥም ሊታሰብበት ይገባል። የምልክቱ ዕድሜ በጣም ቢረዝም ለስርቆት ይጋለጣል፤ በጣም ቢያጥር ደግሞ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ርእሰ መምህሩ እንደ አዲስ እንዲገባ ይገደዳል። አሠራሩ ከሚገባው በላይ ካስቸገረ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። በመሆኑም የጊዜው ገደብ በዋና ከተማ ባለው ፈጣን መስመር ብቻ ሳይሆን በአምደወርቅ ባለው መስመርም ተሞክሮ መወሰን ይኖርበታል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደታየው፣ ይህ ታሪክ ማንነትን ከማስረከብ ወደ ማንነትን ማስመስከር የተደረገ ጉዞ ነው። የይለፍ ቃልን ለሌላ መስጠት ራስን ማስረከብ ነው። የመግቢያ ኩኪን ለፕሮግራም ማሳለፍ ከዚያ የሚሻል ቢሆንም፣ አሁንም ባለጉዳዩንና ባልደረባውን አይለይም። ለተወሰነ ሥራ፣ ለተወሰነ ተቀባይና ለተወሰነ ጊዜ የተጻፈው ቶከን ግን በትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ከሚታወቀው መሸኛ ጋር አንድ ዓይነት ጠባይ አለው።

ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች አዲስ የመረጃ ሥርዓት ሲረከቡ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ይጠቅማል። አንዱ ፕሮግራም ሌላውን በሠራተኛው ስም ሲጠይቅ ምን ምልክት ይዞ ይሄዳል? ተቀባዩ ሰርቨር ባለጉዳዩንና ወኪሉን ለይቶ ይመዘግባል? ምልክቱ ቢጠፋ በስንት ጊዜ ውስጥ ዋጋ ያጣል? ኩኪ ከማሳለፍ በቀር ሌላ መንገድ በሌላቸው አሮጌ ሥርዓቶችም ቢሆን፣ በክፍል 5 የተዘረዘሩት ጥንቃቄዎች መሟላታቸውን ማረጋገጥ ይቻላል።

መምህራንም ጉዳዩን ለተማሪዎቻቸው ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። አንድ መሸኛ በእጅ ይዞ፣ ቀኑ ቢጠፋበት፣ የተቀባዩ ስም ባይጻፍበት፣ ወይም ርእሰ መምህሩ በመሸኛው ፈንታ ማኅተሙን ራሱን ለተማሪው ሰጥቶ ቢልከው ምን ሊደርስ እንደሚችል ክፍሉን ማወያየት በቂ ነው። ለዚህ ጥያቄ በሚገባ የመለሰ ተማሪ የአንድ ጊዜ መግቢያን ዋና ሐሳብ ተረድቷል፤ የይለፍ ቃሉን ለጓደኛው የማይሰጥበትንም ምክንያት በዚያው ያውቃል።